ውሃውን አትክሰሱት

ረጅም ጉዞ የወጣ ሰው ፀጉሩ መርገፍ ሲጀምር ተከሳሽ ለማግኘት አይቸገርም። ጅዳ ያለችው «የዓረብ አገር ውሃ ጨረሰኝ» ትላለች። ለንደን ያለው «ውሃቸው ኖራ ነው» ይላል። ዋሽንግተን የገባችው ክሎሪኑን ታማርራለች፤ ለሥራ ሰመራ የተመደበው ደግሞ ሙቀቱን ይረግማል። ሁሉም የሚያቀርቡት ማስረጃ አንድ ዓይነት ነው፦ ከመሄዴ በፊት ደህና ነበር፣ ከሄድኩ በኋላ ተበላሸ። «እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል» የሚል ሰውም አይጠፋም።

ማስረጃው ውሸት አይደለም፤ ፀጉሩ በእርግጥ ረግፏል። የተሳሳተው ፍርዱ ነው። ከርዳዳ ወይም ጥቅልል ፀጉር ይዞ ለወራት፣ ለዓመታት ከቤት መራቅ የራሱ ጣጣ አለው። ጣጣው ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከገዛ እጃችን ልማድና ሰውነታችን ከጉዞው በፊትና በጉዞው መጀመሪያ ካሳለፈው ነገር ነው። እስቲ በቡና ላይም በፀጉር ቤትም የምንሰማውን አንድ በአንድ እንየው።

«የአገሩ ውሃ ፀጉሬን ጨረሰው»

የሚባለው ይህ ነው፦ የውጭ አገር ውሃ፣ በተለይ የገልፍ አገሮች ውሃ፣ ጨውና ኬሚካል ስላለበት የፀጉርን ሥር ያቃጥላል፤ ሁለት ሦስት ወር ከታጠቡበት ፀጉር በእፍኝ ይወጣል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከራሳችን ቆዳ በላይ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ሕይወት ያለው ሥሩ ሲሆን እሱም ቆዳችን ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ ተቀብሯል፤ ምግቡንም የሚያገኘው ከደም ነው። ለጥቂት ደቂቃ በላዩ የሚፈስ የመታጠቢያ ውሃ እዚያ ድረስ ወርዶ ሥር አይነቅልም።

ውሃ ፈጽሞ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ከባድ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል። ዝቃጩ ፀጉር ላይ ይለጠፍና ያሻክረዋል፣ ያደበዝዘዋል፤ ራስ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ፎረፎር ይመስላል። የሻከረ ፀጉር እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲበጠርም ይሰበራል። መሰበርና መርገፍ ግን ለየቅል ናቸው። ማበጠሪያችሁ ላይ የቀረውን ፀጉር ወደ ብርሃን ይዛችሁ ተመልከቱት። አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው ከሥሩ የረገፈ ነው። አጭር ሆኖ ሁለቱም ጫፉ ባዶ ከሆነ የተሰበረ ነው። ውሃው ሊጠየቅ የሚችለው በተሰበረው ብቻ ነው።

ደግሞም ክሱ አገር ይሳሳታል። የኩዌትና የኳታር የቧንቧ ውሃ በአብዛኛው ከባሕር ተቀድቶ ጨው የወጣለት ነው። ከባድ ውሃ ማየት ለፈለገ ሰው ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፤ የድሬዳዋና የመቀሌ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት አሳምሮ ያውቀዋል። የድሬዳዋ ሴቶች ግን ፀጉራቸውን ይዘው ኖረዋል። የለንደን ውሃ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር አልፎ ይመጣልና፤ እሱም ቢሆን ያሻክራል እንጂ ራስ አይመልጥም።

ታዲያ ለምን ረገፈ? እያንዳንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያ ማደጉን አቁሞ 3 ወር ገደማ ያርፋል፤ በመጨረሻም ወድቆ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። በደህና ጊዜ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል በእድገት ላይ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉም የጤና ነው። ሰውነት ከባድ ነገር ሲደርስበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ፈጣን የክብደት መቀነስ፣ የብረት ማዕድን እጥረት፣ የከረረ ጭንቀት፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ እረፍት እንዲገባ ያደርጋሉ። የሚወድቀው ግን የዚያኑ ዕለት አይደለም፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው።

አሁን የመንገደኛን ኑሮ አስቡት። የቪዛ ጥበቃ፣ ብድር፣ እንቅልፍ ያጡ ሌሊቶች፣ ከልጅ መለየት፤ ከዚያ አዲስ ምግብ፣ ከንጋት እስከ ውድቅት የሚዘልቅ ሥራ፣ ምናልባትም እንደደረሱ የያዘ ጉንፋንና ትኩሳት። መስከረም ላይ የተጨነቀች ሴት ፀጉሯ የሚረግፈው ታኅሣሥ ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በየቀኑ ራሷን የሚነካው አዲስ ነገር ውሃው ነው።

ተረቱ የማይሞተው ለዚህ ነው፤ ጊዜው ይገጥምለታል። ሲድንም ይገጥምለታል። ይህ ዓይነቱ መርገፍ ምክንያቱ ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ውስጥ በራሱ ይቆማል። እስከዚያ የፀጉሩ ባለቤት እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም፤ የሻወር ማጣሪያ ትገዛለች፣ በታሸገ ውሃ ትታጠባለች፣ ወይም ለእረፍት አገር ቤት ትገባለች። ፀጉሩ ሲመለስ ምስጋናው ለማጣሪያው ይሆናል። አብዛኞቹ የሻወር ማጣሪያዎች ግን ክሎሪን ይቀንሱ እንደሆነ እንጂ ካልሲየምና ማግኒዥየሙን አያወጡም። «ዓይን በላኝ» የሚለውም በዚሁ የጊዜ ክፍተት ይጠቀማል፦ የሽኝት ዕለት «ፀጉርሽ ሲያምር!» ያለች ዘመድ ከሦስት ወር በኋላ ሳታውቀው ተጠርጣሪ ትሆናለች።

እናም ችግራችሁ መሻከር ከሆነ፣ በወር አንድ ሁለቴ ማዕድን በሚያነሣ ሻምፖ ታጠቡ፤ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ኤዲቲኤ የሚል ንጥረ ነገር ፈልጉ። ካላገኛችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በመጨረሻ አለቅልቁበት። ችግራችሁ መርገፍ ከሆነ ግን ሦስት ወር ወደኋላ ቁጠሩና ምን አሳልፌ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ፌሪቲን የተባለውን የብረት ክምችት በደም ምርመራ ማየትም ከማጣሪያው ግዢ ይቅደም።

«ለመንገድ የሚሆነው ጠበቅ ያለ ሹሩባ ነው»

የሚባለው፦ ሩቅ የሚሄድ ሰው ሹሩባውን አጥብቆ ይሠራ፤ በጠበቀ ቁጥር ይቆያል፣ በቆየ ቁጥር ፀጉር ያርፋል። ስለዚህ በዋዜማው ሹሩባ ሠሪዋ ፊት እንቀመጥና «ጠበቅ አድርጊው፣ እንዲቆይልኝ» እንላለን። ማታ ራሳችንን ይወጥረናል፣ ፓራሲታሞል እንውጣለን፣ በማግሥቱ ቅንድባችን ወደ ላይ ተስቦ እንሳፈራለን።

ግማሹ እውነት ነው። ሹሩባ ለመንገደኛ ባለውለታ ነው፤ በየቀኑ ከመበጠርና ከግጭት ያሳርፋል። አፄ ቴዎድሮስን በሥዕል የምንለያቸው በሹሩባቸው ነው፤ ዘመናቸውን በዘመቻ መንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሐሰቱ ያለው «ጠበቅ» የሚለው ላይ ነው። ሕመሙን የውበት ዋጋ አድርገን ተቀብለነዋል፤ ሥሩ ግን እየተነቀልኩ ነው እያለን ነው። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለው ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይሸነፋል። መጀመሪያ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ይሳሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚመልሰው ቅባት የለም።

ይህ ጉዳት የእኛ ፀጉር ዕጣ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 ፀጉራቸውን ወደ ላይ ስበው አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ ተመዝግቧል። ለእኛ የሚቀርበው ደግሞ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲዋ የቆዳ ሕክምና ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎ ከባልደረቦቿ ጋር በደቡብ አፍሪካ ያጠናችው ነው፦ አደጋው ጎልቶ የታየው ሪላክሰር በተደረገ ፀጉር ላይ ሹሩባ ወይም ተጨማሪ ፀጉር ሲሠራ ነው። ብዙዎቻችን ለጉዞ የምንዘጋጀው ልክ በዚህ ቅደም ተከተል መሆኑ ያሳስባል፤ መጀመሪያ ሪላክሰር፣ በሳምንቱ ሹሩባ።

«በቆየ ቁጥር» የሚለውም ልኩን ያልፋል። ውጭ አገር ሹሩባ መሠራት ኪስ ይጎዳል፤ ሠሪም እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ሦስት አራት ወር ሳይፈታ ይከርማል። ሲፈታ አንድ እፍኝ ፀጉር አብሮ ይወጣና «ሹሩባው ነቀለው» ወይም «ፀጉሬ አገሩን አልወደደውም» ይባላል። እስቲ እናስላው። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው ብለናል። ሹሩባ ውስጥ ያለ ፀጉር ቢረግፍም መውደቂያ የለውም፤ እዚያው ተይዞ ይቆያል። በ6 ሳምንት፣ ማለትም በ42 ቀን፣ ከ2,100 እስከ 4,200 ፀጉር ይጠራቀማል። ያ ያስደነገጣችሁ እፍኝ በየቀኑ ሊረግፍ የሚገባው ፀጉር ድምር ነው። የቆየ ሹሩባ ትክክለኛ ጉዳት ሌላ ነው፤ የተጠራቀመው ከአቧራና ከቅባት ጋር ሥሩ ላይ ተቋጥሮ ጤነኛውን ፀጉር ይዞ ይሰበራል።

ስለዚህ ሹሩባችሁን ሥሩ፣ ግን ካመማችሁ እዚያው ወንበሩ ላይ ሳላችሁ «ላላ አድርጊልኝ» በሉ። የግንባሩን ጠርዝ አታስነኩ፣ ከባድ አርቴፊሻል ፀጉር በቀጭን ሹሩባ ላይ አታንጠልጥሉ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ፍቱት፤ ቀጣዩን ከመሠራታችሁ በፊትም ለጥቂት ቀናት አሳርፉት። እንደተሠራ ራስ ቆዳን ማጠብም ይቻላል፤ በውሃ የቀጠነ ሻምፖ በመስመሮቹ መሐል አንጠባጥባችሁ በጣት ጫፍ አሽታችሁ ማለቅለቅ ብቻ ነው።

«ከርዳዳ ፀጉር ጠንካራ ነው፣ ምንም አይለውም»

የሚባለው፦ ዞማ ፀጉር ስስ ነው፣ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ከርዳዳው ግን ሚዶ የሚሰብር ጉልበተኛ ስለሆነ በማንኛውም ሳሙና ታጥቦ፣ በማንኛውም ማበጠሪያ ተበጥሮ መንገዱን ይቀጥላል።

የተገላቢጦሽ ነው። ጥቅልል ፀጉር የሚበቅልበት ሥር ጠመዝማዛ ነው፤ ዘንጉም ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ደካማ ቦታ አለው፤ ደጋግሞ የታጠፈ ሽቦ የሚበጠሰው እጥፋቱ ላይ እንደሆነ ሁሉ፣ እሱም ሲጎተት የሚበጠሰው እዚያ ነው። ራስ ቆዳ የሚያመነጨው ቅባትም በእጥፋቶቹ ምክንያት እስከ ጫፉ አይደርስም፤ ሥሩ ወዝ እያለው ጫፉ ይደርቃል። ብዛቱና ክምችቱ ነው ጉልበተኛ ያስመሰለው፤ ለየብቻው ሲያዝ ከሁሉም የፀጉር ዓይነት በቶሎ ይበጠሳል።

«ፀጉሬ አያድግም» የሚለው እሮሮም ከዚሁ ይወለዳል። የሁሉም ሰው ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የጥቅልሉ በጥቂቱ ያንሳል። ጫፉ የሚሰበረው ሥሩ የሚያድገውን ያህል ከሆነ ግን ዓመት ሙሉ ባለበት የቆመ ይመስላል። መንገድ ላይ ይህ ይብሳል፣ ሰው ቸኩሎ በደረቁ ያበጥራልና። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፦ እርጥብ ሆኖ ኮንዲሽነር እንደተቀባ፣ በአራት ተከፍሎ፣ ጥርሱ በተራራቀ ማበጠሪያ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር መሄድ። ጎፈሬ ያሳደጉና ድሬድ ያላቸው ወንዶችም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደሉም፤ ድሬድ ሁልጊዜ ከሥሩ አጥብቆ መጠምዘዝ ልክ እንደ ጠበቀው ሹሩባ ጠርዝ ያሳሳል።

«ደረቅ ፀጉር የሚያረጥበው ቅቤና ዘይት ነው»

የሚባለው፦ ፀጉር ከደረቀ ቅቤ ይቀባ፤ ሻንጣ ውስጥ ለጋ ቅቤ ወይም የጉሎ ዘይት ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ቅባት አያረጥብም። የሚያረጥበው ውሃ ነው፤ ቅባት የገባውን ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል፣ ላዩንም ያለሰልሳል። በደረቀ ፀጉር ላይ ቅባት መደራረብ ድርቀቱን ማሸግ ነው። ቅደም ተከተሉን መቀየር ብቻ በቂ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ ወይም ኮንዲሽነር፣ ከዚያ ጥቂት ዘይት። ዘይቶችም እኩል አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ሥራ የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ፣ የፀጉርን ፕሮቲን ብክነት የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል፤ ወደ ፀጉሩ ውስጥ መግባት ስለሚችል ነው።

ቅቤው ለምን ተከበረ? አገር ቤት ሲቀባ ይሠራ ስለነበር ነው። በደጋው ደረቅ አየርና ፀሐይ ላይ፣ ታጥቦ ከተሠራ ፀጉር በላይ፣ ሻሽ ታስሮበት፣ በማግሥቱ ታጥቦ የሚወጣ ነገር ነበር። ያ ሥርዓት ሁሉ ቀርቶ ቅቤው ብቻ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ጅዳ ሲሄድ ነገሩ ይለወጣል። በሞቃትና እርጥብ አየር ውስጥ ራስ ቆዳ ላይ የሚከርመውን ቅባት፣ በማናችንም ቆዳ ላይ የሚኖር ማላሴዝያ የተባለ ፈንገስ ይመገበዋል፤ ፎረፎርና ማሳከክ ይከተላል። እንደገና ተከሳሹ «የአገሩ አየር» ይሆናል። ቅቤ የምትወዱ ከሆነ ጫፉ ላይ ተቀቡት፣ ራስ ቆዳ ላይ አታሳድሩት፣ በደንብም ታጥቦ ይውጣ። እርጥብ ፀጉርን በሂጃብ ወይም በሻሽ ጠቅልሎ ቀኑን ሙሉ መዋልም ለዚሁ ፈንገስ ይመቸዋል። ሥሩ ሲደርቅ ተሸፋፈኑ።

«አውሮፕላን ፀጉር ያደርቃል፣ ቆላ ፀጉር ያበላሻል»

የመጀመሪያው ከፊል እውነት አለው። በረጅም በረራ ላይ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። የአየር ግፊቱን የሚፈሩም አሉ፤ እሱ ግን ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመሳሰል ነው፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው አዲስ ነገር የለውም። ድርቀቱ የጥቂት ሰዓት ነው፤ ፀጉር ከአውሮፕላን ወርዶ የሚያገኘውን እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ሌሊቱን ሙሉ ከወንበሩ ሻካራ ጨርቅ ጋር ሲተሻሽ ማደሩ ግን ይሰብረዋል። ስንደርስ መስተዋት ውስጥ የምናየውን ፀጉር አየሩ ያደረቀው ይመስለናል፤ ለዚህ ሳቲን ሻሽ ማሰር ብቻውን ይበቃል።

ሁለተኛው ተረት ነው። ከደጋ ወርዶ ባሕር ዳርቻ የደረሰ ሰው ፎን ወይም ፒያስትራ የተደረገው ፀጉሩ በአንድ ሰዓት ሲያብጥና ሲጠቀለል «ተበላሸ» ይላል። የሆነው ግን ወደ ተፈጥሮው መመለስ ነው። በሙቀት የተዘረጋ ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው በደካማ ትስስሮች ነው፤ እነሱም እርጥበት ሲያገኙ ይላቀቃሉ። ፀጉር ለእርጥበት ያለው ስሜት ትክክለኛ ከመሆኑ የተነሣ የስዊዘርላንዱ ሊቅ ደ ሶሲዩር እ.ኤ.አ. በ1783 የአየር እርጥበት መለኪያ የሠራው በሰው ፀጉር ነበር። በእርጥብ አገር የሚጎዳችሁ ያንን እብጠት ለማሸነፍ በየጠዋቱ የምታስነኩት የፒያስትራ ግለት ነው። እዚያ ላይ ሽንፈትን መቀበል ጥቅም አለው፤ ጥቅልሉ ይኑር።

«ሻንጣ ሙሉ ቅባት ካልያዝኩ አይሆንልኝም»

የሚባለው፦ የእኛ ፀጉር ምርቱ ብዙ ነው፤ ውጭ አገር አይገኝም፤ ስለዚህ ከአገር ተጭኖ መሄድ አለበት። ይህን የሚያራግበው ሻጩ ብቻ አይደለም፤ ወደማያውቁት አገር የሚሄዱት ሰዎች ፍርሃትም ነው። የሚታወቅ ጠርሙስ መያዝ ያጽናናል።

እውነቱ ለወራት የሚበቃው ሦስት ነገር ነው፦ ለስላሳ ሻምፖ፣ ወፍራም ኮንዲሽነር፣ አንድ ዘይት። ኮንዲሽነር የማይሸጥበት ከተማ ማግኘት ይከብዳል፤ ሥራውንም ማርኩ አይወስነውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አየር ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው 100 ሚሊ ሊትር ብቻ እንዲሆን ተደርጓል፤ ክሬምና የሚቀባ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ጠጣር ሻምፖ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው።

ሁለት ልማዶችን ግን መቃወም ያሻል። አንዱ ሻምፖ ሲያልቅ በተገኘው ሳሙና መታጠብ ነው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና የአልካሊነት መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ የፀጉርን ቅርፊት ይከፍተዋል፣ በከባድ ውሃ ደግሞ ያንን ዝቃጭ ይጨምራል። ሌላው «መታጠብ ያደርቃል» ብሎ ወር ሙሉ መቆየት፣ ወይም በተቃራኒው የአገሩን ሰው አይቶ በየቀኑ መታጠብ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ለእንዲህ ዓይነት ፀጉር የሚመክረው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብን ነው። ውሃ እንደልብ ካልተገኘ አንድ ባልዲና አንድ ጆግ ይበቃል።

«ልላጨውና ልሂድ፣ ወፍራም ሆኖ ይበቅላል»

ለመገላገል ከሆነ መላጨት ሙሉ መብታችሁ ነው፤ ለረጅም መንገድም ብልህ ምርጫ ሊሆን ይችላል። እንዲወፍር ከሆነ ግን አትድከሙ። የተላጨ ፀጉር ጫፉ ደንዳና ሆኖ ስለሚወጣ ወፍራም መስሎ ይዳሰሳል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር ገና እ.ኤ.አ. በ1928 መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ የእድገት ፍጥነት እንደማይለውጥ በልኬት አሳይታለች። ምላጭ ሥሩ ጋ አይደርስም፤ ውፍረቱን የሚወስነው ሥሩ ነው።

«አገሬ ስገባ ይመለሳል»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት ይሆናል። በጭንቀት፣ በትኩሳት ወይም በወሊድ ምክንያት የረገፈ ፀጉር በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ አገር ቤት የመግቢያው ወቅት ከመመለሻው ጋር ሲገጥም የአገር ውሃ ይመሰገናል። ይህን ያዩ ሌሎችም ተስፋ ያደርጋሉ። ከተስፈኞቹ መሐል ግን መጠበቅ የማይችሉ አሉ።

ጠርዙ እየሸሸ የሄደ ፀጉር ሹሩባው በጊዜ ካልላላለት አይመለስም። ከመሐል አናት ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሳሳ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ ወይም የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጠባሳ የሚጥል ሕመም ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። ክብ ሆኖ ልስልስ ብሎ የተራቆተ ቦታ ላሽ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሕክምና አለው። ልጆች ላይ ቅርፊት ያለው፣ ፀጉሩ ከሥር የሚሰበርበት ቦታ ካያችሁ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ታክሞ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት በማሸት አይደለም።

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ የመመለሻ ትኬታችሁን ቀን አትቁጠሩ፤ ባላችሁበት ከተማ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊትም የግንባራችሁን ጠርዝና አናታችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ በየወሩ በዚያው ብርሃንና በዚያው አቅጣጫ ድገሙት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «መቼ ጀመረ?» የሚለውን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ቀን ያለው ፎቶ ከማናችንም ትዝታ የተሻለ መልስ ይሰጣል።